የቀማሹ ተቆራጭ

«እትዬ ሸዋረገጥ፣ የእርስዎ ተቆራጭ ከዚህ ወር ጀምሮ የለም» አለ ገንዘብ ያዡ ኢስሃቅ፣ መዝገቡን ሁለት ጊዜ ካገላበጠ በኋላ። «ጋሽ ገበየሁ ጡረታ ወጥተዋል። ደመወዝ ከሌለ ደግሞ ከምኑ ላይ እንቆርጣለን?» ሸዋረገጥ ሁልጊዜ የምትመጣው ወሩ በገባ በሳምንቱ፣ የደመወዝ ቀን ግርግር ካለፈ በኋላ ነው፤ የተፋታችው ባሏ የሥራ ጓደኞች ፊት ከሱ ደመወዝ ላይ መቶ ሃምሳ ብር ስትቀበል መታየት አትወድም። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህች ጠባብ መስኮት ሥር ጎንበስ ብላ ፈርማለች። ዛሬ ከኋላዋ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ቆሞ ጆሮውን ስላቆመ፣ «እኔም ይህንኑ ላረጋግጥ ብዬ ነው» ብላ ዋሸችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ውሸት ስትናገር ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ይህን የሚያውቅባት ገበየሁ ብቻ ነው። ከግቢው በር ስትደርስ ግንቡን ተደግፋ ትንሽ ቆመች።

መቶ ሃምሳ ብር ለአንዳንዱ የአንድ ቀን መዝናኛ ሊሆን ይችላል፤ ለሷ ግን ቤቷ ነበር። ሰባው ብር ጊንጆ ሰፈር ለተከራየቻት አንዲት ክፍል ይሄዳል፤ የቀረው ጤፍ፣ ዘይትና የሽሮ እህል ነው። ሹራብ እየሠራች የምታገኛት ሳንቲም ከሳሙናና ከከሰል አታልፍም። በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሲፋቱ የቤተ ዘመድ ሽማግሎች አቶ ደበበን ሰብሳቢ አድርገው ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው የጋራ ቤታቸው ለገበየሁ እንዲሆን፣ እሱም በምትኩ፣ ሸዋረገጥ ሌላ ባል እስካላገባች ድረስ፣ በየወሩ ይህን ገንዘብ እንዲቆርጥላት ወሰኑ። ፍርድ ቤቱም ማኅተሙን መታበት። ቤት ሰጥታ ወረቀት ተቀበለች ማለት ነው። እሑድ ዕለት አቶ ደበበ፣ «ገበየሁ የሚያነጋግረን ጉዳይ አለው፤ ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ እኔ ቤት ምሳ እንብላ» ብለው ሲልኩባት ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም ነበር። ሐሙሱ ዛሬ ነው፤ አሁን ገባት። ተቆራጩን በሽማግሎቹ ሊያስቀንስ ነው።

ጊንጆ ስትደርስ አከራይዋ ወይዘሮ ከድጃ ወደ ሂርማታ ገበያ የምትወስደውን ሽንኩርት በጋሪ እያስጫነች ነበር። ቀዩን በጆንያ፣ ነጩን በዘንቢል ለይታለች፤ ባለጋሪው ሦስት ብር ካልሆነ አልሄድም ብሎ ቆሟል፤ እሷ ደግሞ በኦሮምኛ ሁለት ብር ብላ ንቅንቅ አልል ብላለች። የሸዋረገጥን ፊት ስታይ ባለጋሪውን ተወችው።

«ማል ታቴ ሸዋዬ? ምን ሆንሽ?»

«ጡረታ ወጥቷል። ተቆራጩ ቀረ።»

«ማነው ጡረታ የወጣው? ያንቺ ሰውዬ?» ከድጃ ወገቧን ያዘች። «ማክሰኞ የቲጃኒ ቡና መጋዘን ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ወላሂ! ነጭ ጋዎኑን በክንዱ አንጠልጥሎ። ጡረታ የወጣ ሰው ጋዎን ምን ያደርግለታል?»

ጋዎኑን ሸዋረገጥ ታውቀዋለች፤ የቅምሻ ልብሱ ነው። ገበየሁ የቡና ቀማሽ ነበር፤ በቡና ድርጅቱ ውስጥ ሠላሳ ዓመት፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ የሚመጣውን ናሙና በማንኪያ እየሳበ፣ በአፉ እያንከባለለ፣ እየተፋ፣ «ይህ አፈር ነክቶታል፣ ይህ ሻግቷል፣ ይህ ንጹሕ ነው» እያለ ደረጃ ሲሰጥ የኖረ ሰው። ቀማሽ ምላሱን እንደ አራስ ልጅ ነው የሚጠብቀው። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስትኖር፣ ቅምሻ ባለበት ቀንና በዋዜማው ነጭ ሽንኩርት እቤቷ ገብቶ አያውቅም። ሽቶ አልተቀባችም፤ ፀጉሯን ቅቤ ያደረገች ዕለት ሌላ ክፍል ታድር ነበር። ወጧ ሁሉ አልጫ ሆኖ ጎረቤት፣ «የሸዋረገጥ እጅ ዱዳ ነው» ብሎ ሲያማት ችላለች። ልጅ አልወለዱም፤ የቤቱ ልጅ የሱ ምላስ ነበር ብትል ማጋነን አይሆንባትም። እሱም ውለታዋን የሚከፍላት ገና የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሳይውጥ፣ «ጨው ያንሳታል» ወይም «ጨው በዝቷል» በማለት ነው። የሚያናድደው ነገር ደግሞ ሁልጊዜም ልክ መሆኑ ነበር። እሑድ እሑድ ሁለት ሲኒ ቡና ሸፍኖ አምጥቶ፣ «የትኛው ነው የተበላሸው?» ይላታል። ቀምሳ ትነግረዋለች። «አይደለም» ይላትና ሲኒውን ይደፋዋል።

አሁን፣ እዚያው ጋሪው አጠገብ እንደቆመች፣ ያ ሁሉ አልጫ ወጥ አንድ ነገር አስታወሳት።

«ከድጃ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ስጪኝ።»

«ምን ልትሠሪበት?»

«ሰውየው ነገ የሚሠራ ከሆነ ዛሬ ነጭ ሽንኩርት አይበላም። ለሽማግሌ ቢዋሽ ለወጥ አይዋሽም።»

ከድጃ ሦስት ራስ መርጣ ሰጠቻት፤ ገንዘብም አልተቀበለቻትም።

የአቶ ደበበ ቤት ፈረንጅ አራዳ ነው፤ በረንዳው ጣውላ፣ ጣሪያው ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ሳሎኑ ውስጥ ከልጆቻቸው የምረቃ ፎቶግራፍ ሌላ አዲስ ነገር የሌለበት። ሸዋረገጥ ከሰዓቱ ቀደም ብላ ደረሰችና እንደ ቤተ ዘመድ በቀጥታ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። የአቶ ደበበ ሚስት ወርቅዬ ትልቅ ድስት ሽሮ ጥዳለች። እንግዶቹ መሃል አቶ ቲጃኒ የሚባሉ የቡና ነጋዴ ስላሉ፣ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ገበታ ሥጋ አይቆርስምና፣ ምሳው ሽሮና ጎመን ሆኗል። የቲጃኒን ስም ስትሰማ የሸዋረገጥ ልብ ደነገጠ። ያ መጋዘን! «ታዲያ እሳቸው ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ?» አለች።

«የገበየሁ ወዳጅ ናቸው፤ በመኪና አመጣዋለሁ ብለው ነው» አለች ወርቅዬ። «ነጭ ሽንኩርት አላስገባሁም፤ ድሮም ለሱ ስንል እንተወው ነበር።»

«አሁን እኮ ጡረተኛ ነው። ለማን ምላስ ብለን ነው?»

ወርቅዬ ሳቀች። «እሱስ እውነትሽን ነው፤ በይ ጨምሪበት» ብላ አምቦ ውሃ ልታስመጣ ወጣች። ሸዋረገጥ ሦስቱንም ራስ ወቅጣ፣ ሽሮው ሊወጣ ሲል ደፋችበት። ሽታው ማዕድ ቤቱን ሞልቶ ዓይኗን አቃጠላት። እጅ አጣጥፎ መቆም ስላልሆነላት ሌላ የምትሠራው ነገር ፈለገች፤ ጨዉን አየችና አንድ እፍኝ ጨመረች። ወርቅዬ ከሷ በፊት ጨው መጨመሯን ሸዋረገጥ አታውቅም ነበር፤ የሽሮውን ነገር ያበላሸው፣ ወይም ያሳመረው፣ ይኸው ነው።

ገበየሁ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከረባት አስሮ ገባ። ከስቷል። ከኋላው አቶ ቲጃኒ ገቡ፤ ሰፊ ሰው ናቸው፣ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ ለሸዋረገጥ በአክብሮት ጎንበስ ብለው፣ «አካም ጂርቱ እመቤቴ፣ ደህና ነዎት?» አሏት። ገበየሁ ግን ወደ እሷ ሳያይ ጨበጣት። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

አቶ ደበበ ነገሩን ከምሳ በፊት ከፈቱት። «ገበየሁ የሚለው ይህ ነው፤ ደመወዙ ስድስት መቶ ዘጠና ነበር፣ ጡረታው ሦስት መቶ አሥር ሆኗል። ሌላ ገቢ የለኝም ብሏል። ስለዚህ መቶ ሃምሳው አርባ ይሁንልኝ፣ እናንተ ከተስማማችሁ ፍርድ ቤት ሄደን እናስለውጠው ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ ሸዋረገጥ?» አቶ ቲጃኒ በዚህ ሰዓት ደጅ ሆነው ከሾፌራቸው ጋር ይነጋገሩ ነበር፤ ይህን አልሰሙም። ሸዋረገጥ ይህንንም ልብ አለች። ሰውየው መቼ ወጡ? ገበየሁ ሆን ብሎ አስወጥቷቸው ይሆን? በዚህ ቤት ውስጥ በር እንኳ ሲንቋቋ አላምን ብላለች።

«ሌላ ገቢ የለህም?» አለችው።

«የለኝም።»

«ማል በለኛ!»

«ተይ ሸዋ፣ የምንምል ሰዎች ሆነን ነው?»

«ከምሳ በኋላ እመልሳለሁ» አለች አቶ ደበበን። ተነሥታ ሽሮውን ራሷ አቀረበች።

ክዳኑ ሲነሳ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ሳሎኑን አጠነው። አቶ ቲጃኒ ገና እጃቸውን እየታጠቡ ነው፤ አቶ ደበበ እንጀራውን ባርከው ለገበየሁ፣ «ጀምር እስቲ» አሉት። ሸዋረገጥ ዓይኗን ከእጁ አልነቀለችም። እምቢ ቢል ያዘችው፤ ሆዴን አሞኛል ቢል ያዘችው። ገበየሁ ግን ምንም ሳያመነታ ጠቅልሎ ጎረሰ። አላመጠ፤ ዋጠ። ደገመ። ሸዋረገጥ አፈረች። ምስኪኑን በሐሰት ጠርጥሬዋለሁ፣ የከድጃንም ወሬ አምኜ ሰው ቤት ወጥ አበላሸሁ ብላ ራሷን ረገመች። እሱም እንደ ድሮው አፉን በመሐረብ ጠርጎ፣ «ጥሩ ነው» አለ። «ጨው ብቻ ትንሽ ያንሳታል።»

አቶ ደበበ ጎረሱ። ሳል አነቃቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ውሃውን ብድግ አድርገው እስኪጨርሱት አላስቀመጡም። አቶ ቲጃኒ ቀጥለው በጣታቸው ጫፍ ቀመሱና፣ «ሱብሃነላህ! ይሄ ጨው ነው እንጂ ሽሮ አይደለም!» ብለው ወደ ገበየሁ ዞሩ። «ደግሞ አንተ ሰውዬ፣ ነገ ጠዋት ቅምሻ አለን እኮ! ነጭ ሽንኩርቱ ከበር ይሸታል፣ እንዴት ትበላዋለህ?»

«የምን ቅምሻ?» አሉ አቶ ደበበ፣ ገና ጉሮሯቸውን እያጸዱ።

«የኔን ቡና ነዋ። ማክሰኞና ዓርብ እየመጣ ይቀምስልኛል። በወር አራት መቶ እሰጠዋለሁ፤ ለሱ ሙያ ያንሳል እንጂ አይበዛም።» አቶ ቲጃኒ ይህን ያሉት በኩራት ነው። ሚስጥር መሆኑን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

ወርቅዬ አምቦ ውሃውን ይዛ በሩ ላይ ቀረች። አቶ ደበበ ገበየሁን አፍጥጠው ያዩታል፤ አቶ ቲጃኒ ግን የሚያዩት እሱን አልነበረም፤ ሽሮውን ነበር። ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ሽሮውን አዩና ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ገበየሁ አፍ አነሡ። ጨው የማይለይ፣ ነጭ ሽንኩርት የማይሸተው ቀማሽ ምን ማለት ነው? ጥያቄው ገና አልተነገረም፤ ግን ፊታቸው ላይ እየተጻፈ ነበር። ሸዋረገጥ ከሳቸው ቀድማ አንብባዋለች። ገበየሁ በምላሱ ቀልዶ አያውቅም። ምላሱ ሞቷል። ቀና ብላ ስታየው ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲቆጣ አይታዋለች፣ ሲዋሽም አይታዋለች፤ ሲፈራ ግን ያየችው ዛሬ ነው።

ማሸነፏ ነበር። ያዘችው፣ ያውም በምስክር። ግን ቲጃኒ ነገሩን አስበው ከጨረሱት አራት መቶው ነገውኑ ይቀራል፤ አራት መቶው ከቀረ የሷም መቶ ሃምሳ ከሦስት መቶ አሥር ብር ጡረታ ላይ ሊወጣ አይችልም። ይህን በደቂቃ ውስጥ አሰላችው። እውነቱን ለመናገር ግን ስሌቱ ብቻ አልነበረም። አሳዘናት። ይህን ያህል ዓመት ቤቱን ሁሉ ያስገበረ ምላስ እንዲህ ባለ ተራ ሽሮ ፊት ሲዋረድ ማየት አልቻለችም።

ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ጮክ ብላ። «ሽንኩርቱንም ጨዉንም ያበዛሁት ሆን ብዬ ነው። ሥራ የለኝም ብሎ መቶ ሃምሳ ብር ተቆራጬን ሊያስቀንስ ስለመጣ፣ የሚሠራ ከሆነ አይበላም ብዬ ልፈትነው። እሱ ደግሞ ገባው። እምቢ ካለ መያዙ ነው፣ እያረረ ዋጠው! ጨው ያንሳታል ያለው ለኔ ነው፤ ሊያሾፍብኝ። ድሮም ጨው ያበዛሁ ዕለት እንዲህ ነበር የሚለኝ።»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ቲጃኒ ናቸው። ትልቅ ሆዳቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ያ ረቢ! አንድ መቶ ሃምሳ ብር ላለመክፈል ምላሱን ሊያቃጥል!» እያሉ ጭናቸውን መቱ። አቶ ደበበ ግን አልሳቁም። ለአርባ ዓመት ወዳጅነት እንዲህ ነው ወይ፣ በእኔ ገበታ ላይ ነው ወይ የምትዋሸው ብለው ገበየሁን ወቀሱት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ውሳኔው አጭር ሆነ፤ መቶ ሃምሳው ባለበት ይቀጥላል፣ አቶ ቲጃኒ በየወሩ ከአራት መቶው ላይ ቆርጠው ለሸዋረገጥ በእጇ ይሰጣሉ። «ኤዬ፣ በኔ ይሁን» አሉ አቶ ቲጃኒ። ሽሮውን ማንም አልነካውም፤ ጎመን በልተው ተነሡ። ሸዋረገጥ እሱንም አልበላችም።

ገበየሁ መኪናውን ትቶ በእግሬ ልሂድ አለና ተከተላት። የሐሙስ ገበያ እየተበተነ ነው፤ ጋሪዎች ባዶ ጆንያ ጭነው ይመለሳሉ፤ ዘንድሮ ቡና ዋጋው ወድቆ ገበሬው ፊቱ ጠቁሯል፤ አንዱ ቀይ እሸት ቡናውን ሳይሸጥ ተሸክሞ ሲመለስ ገለል ብለው አሳለፉት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ገበየሁ!»

«ከአምናው ታይፎይድ ወዲህ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ሽታውና ጣዕሙ ግን አልተመለሰም። በርበሬ ብበላ ያቃጥለኛል እንጂ በርበሬ መሆኑን አላውቀውም።»

«ታዲያ ደረጃውን እንዴት ትሰጣለህ?»

ገበየሁ ዙሪያውን አየ። «ቲጃኒ ጋ ሲኒ የምታጥብ አፊፋ የምትባል ልጅ አለች። ከኔ ቀድማ ትቀምሳለች። የተበላሸ ሲሆን ግራ ቅንድቧ ብድግ ይላል። እሷ አታውቀውም። እኔ ቅንድቧን እያየሁ እጽፋለሁ።» የከረባቱን ቋጠሮ አላልቶ ቀጠለ፤ «እሑድ ታገባለች። ከዛሬ ጀምሮ ቀርታለች፤ ሊሙ ነው የምትሄደው። አርባ ብር ያልኩት ለዚህ ነው ሸዋ። ከነገ ወዲያ ሥራ የለኝም።»

ሸዋረገጥ ጎን ለጎን እየሄደች ታየዋለች። ይህስ ሌላ ውሸት ቢሆን? አሳዝኖኝ መቶ ሃምሳዬን እንድተውለት ቢሆን? ግን ያን ሽሮ ሲውጥ በዓይኗ አይታዋለች።

«ያኔ እሑድ እሑድ ሁለት ሲኒ ሸፍኜ ሳስቀምስሽ፣ ትዝ ይልሻል?» አለ።

«አንድም ቀን አላገኘሁትም። ምን ያስታውሰኛል?»

«አንድም ቀን አልሳትሽም።»

ቆመች። ባለጋሪ ከኋላ ጮኸባቸው፤ ወደ ዳር ወጡ።

«ሁሉንም ታገኚው ነበር። እኔ የሦስት ወር ኮርስ ወስጄ፣ አሥር ዓመት ለፍቼ ያገኘሁትን አንቺ ሽንኩርት እየላጥሽ ታገኚዋለሽ። ምን ልበል? አይደለም አልኩሽ።»

ሸዋረገጥ ተናደደች፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ መቶ ሃምሳው፣ ስለ ዛሬው ውሸት ያልተናደደችውን ያህል። ለዚህ ሰው ስትል ሙያ የለሽ ተብላለች። ሙያው ግን አፏ ውስጥ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር። እንባዋ መጣና ዋጠችው።

«ቅምሻው ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አለችው በመጨረሻ።

«ሁለት ሰዓት ተኩል። በአፊፋ ቦታ ሲኒ ታጥባለች እላቸዋለሁ። እሺ ትያለሽ ሸዋ?»

«ከአራት መቶው ግማሹ የኔ ነው።»

«ተቆራጩን ጨምሮ?»

«ተቆራጩ የቤቴ ነው። ይሄ የምላሴ ነው።»

ገበየሁ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ በልቡ ደመረ፣ ቀነሰ። ከአራት መቶው የሚተርፈው ሃምሳ ብር ነው። «እሺ» አለ።

«ቅንድብ ማንሳት አልችልበትም። የተበላሸ ሲሆን ነጠላዬን አስተካክላለሁ። ደግሞ ገበየሁ፣ አይደለም ብለህ አንድ ቀን እንኳ ብትጽፍ፣ እዚያው ለአቶ ቲጃኒ እነግራቸዋለሁ።»

ጊንጆ ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከድጃ ከገበያ ተመልሳ፣ ምድጃው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ የተረፈውን ሽንኩርት እየለየች ትጠብቃታለች። ምስር ወጥ ሠርታ ለሸዋረገጥም በሳህን አስቀምጣለች።

«ተያዘ?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ተያዘ።»

«አልሐምዱሊላህ! አላልኩሽም? በይ ብዪ፣ ፊትሽ ጾም የዋለ ሰው ይመስላል።»

ሸዋረገጥ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንጀራውን ቆረሰች፤ ትኩሱ ሽታ አፏን በምራቅ ሞላው። ሽታው ውስጥ ግን ሌላ ሽታ አገኘች። እጇ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ነጭ ሽንኩርት አለበት?»

«ነጭ ሽንኩርት የሌለው ምስር ምን ምስር ነው?»

ሸዋረገጥ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው፤ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ለከድጃ አቀበለቻት።

«ደረቅ ዳቦ ካለሽ ስጪኝ እህቴ» አለች። «ነገ ሥራ አለኝ።»